መርጦ የሚሠራ ኢንዛይም፦ ከስኳር መድኃኒት እስከ ኮምቦልቻ ቆዳ

ኮምቦልቻ ያሉትን ትልልቅ ፋብሪካዎች አስቧቸው። ቢራ ፋብሪካው ውስጥ የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ብቅሉ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው። በቆዳ ሥራ፣ ቆዳው ከኖራ ከወጣ በኋላ እንዲለሰልስ የሚደረገው በኢንዛይም ነው። በጨርቃ ጨርቅም፣ በሽመና ጊዜ ክሩ እንዳይበጠስ የሚቀባውን ስታርች የሚያስለቅቀው ኢንዛይም ነው። ደሴ ላይ ጠላ የሚጠምቁ እናቶችም ብቅል ሲጨምሩ የሚያስገቡት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም።

ዛሬ ልጽፍበት የፈለግኩት ግን ከዚህ ራቅ ይላል። ኢንዛይምን ከተፈጥሮ እንዳገኙት ከመጠቀም አልፎ፣ ለምንፈልገው ሥራ በልኩ መሥራት ተችሏል። በተፈጥሮ የማይነካውን ሪአክሽን (ኬሚካላዊ ለውጥ) እንዲሠራ፣ የማይችለውን ሙቀት እንዲችል፣ ከሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮች አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል። የመድኃኒት ኩባንያዎች መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል። እኛ ጋ ግን ወሬው ሲደርስ ወይ እንደ ተአምር ይወራል፣ ወይ "ይሄ የሀብታም አገር ሥራ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። የዚህ ሥራ ዋናው ችሎታ የምንፈልገውን ነገር በትክክል መለካት ነው፤ መለካት ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ሊጀመር ይችላል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ። (ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካታሊስት ማለት ሪአክሽንን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን የማያልቅ ነገር ነው። ብረትም አሲድም ካታሊስት ሊሆን ይችላል። ኢንዛይም ደግሞ ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚሠሩት ካታሊስት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን ነው፤ አሚኖ አሲድ የሚባሉ መቶዎች የፕሮቲን ጡቦች በተርታ ተያይዘው ይተጣጠፉና መሃላቸው ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ይፈጠራል። ሥራው ሁሉ የሚካሄደው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ቅርጹ የሚገጥም ሞለኪውል ይገባል፣ የማይገጥመው ውጭ ይቀራል። መራጭነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መራጭነት ምን ይጠቅማል? ብዙ የመድኃኒት ሞለኪውሎች እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አላቸው። አቶሞቹ እኩል ናቸው፣ አያያዛቸውም አንድ ነው፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሰውነታችን ራሱ በአብዛኛው ከአንድ ወገን ሞለኪውሎች የተሠራ ስለሆነ ሁለቱን ለይቶ ያውቃል። አንዱ በሽታውን ሲያክም ሌላው ዝም ብሎ ሊያልፍ፣ አንዳንዴም ሊጎዳ ይችላል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለእርጉዞች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረውን ታሊዶማይድን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው በአግባቡ ሳያድግ ተወልደዋል። የታሊዶማይድ ግራና ቀኝ ሰውነት ውስጥ ስለሚቀያየሩ አንዱን ብቻ ለይቶ መስጠትም አያድንም ነበር፤ ይሄን ብዙ ሰው ሳይጠቅስ ያልፈዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1992 ባወጣው መመሪያ ግን አምራቾች የአዲስ መድኃኒትን ግራና ቀኝ ከመጀመሪያው ለይተው እንዲያጠኑ ጠይቋል።

በተለመደው ኬሚስትሪ ስትሠሩት ብዙ ጊዜ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ መለየት አለ፣ ማጣራት አለ፣ መጣል አለ። ሮጀር ሼልደን የተባለው ኬሚስት በ1992 ባወጣው ስሌት፣ መድኃኒት ሲመረት ለአንድ ኪሎ ምርት ከ25 እስከ 100 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆሻሻ ይወጣል። ያ ሁሉ አንድ ቦታ መፍሰስ አለበት። የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት ቦርከና ወንዝ አጠገብ ለሚኖር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ምሳሌው እንግባ። ከሁሉ የሚሻለው የሲታግሊፕቲን ታሪክ ነው። ሲታግሊፕቲን የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመም መድኃኒት ነው፤ ጃኑቪያ በሚባል የንግድ ስም ይታወቃል። አምራቹ ሜርክ መጀመሪያ ላይ ግራና ቀኙን ይለይ የነበረው በሮዲየም ነበር። ሮዲየም እጅግ ብርቅ ከሆኑ ብረቶች አንዱ ነው፣ በ2021 የአንድ አውንስ ዋጋው ወደ 30,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ሪአክሽኑ ሃይድሮጅን ከተራው የአየር ግፊት 17 እጥፍ ገደማ በሆነ ግፊት የሚታመቅበት፣ ውድና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጋን ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ ወጪ ወጥቶም መራጭነቱ 97 በመቶ ላይ ይቆም ስለነበር ምርቱን እንደገና ማጥራት፣ የሮዲየሙንም ቅሪት ከመድኃኒቱ ማውጣት ግድ ነበር።

ሜርክ ኮዴክሲስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ ሌላ መንገድ ሞከረ። ትራንስአሚኔዝ የሚባል የኢንዛይም ቤተሰብ አለ፤ ሥራው ናይትሮጅን ያለበትን አሚን የሚባል ክፍል ከአንድ ሞለኪውል ወደ ሌላ ማዛወር ነው። ሲታግሊፕቲን ላይ የሚፈለገውም ይሄው ነው። ችግሩ፣ የመረጡት ኢንዛይም ለሲታግሊፕቲን መነሻ ሞለኪውል ጭራሽ አይሠራም። ሞለኪውሉ ትልቅ፣ ጎድጓዳው ጠባብ።

ያደረጉትን ልብ በሉ። ሞለኪውሉን በአንድ በኩል አሳጠሩትና መጀመሪያ ኢንዛይሙን በዚያ በአጭሩ አለማመዱት። ከዚያ በኮምፒውተር ሞዴል ጎድጓዳው የትኛው ጋ እንደሚጠብ አይተው እዚያ ያሉትን አሚኖ አሲዶች ቀያየሩ፣ ሙሉው ሞለኪውል እንዲገባ። ሲገባ ሥራው በጣም ደካማ ነበር፣ ግን ዜሮ አልነበረም። ዜሮ ካልሆነ ማሻሻል ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዙር በዙር፣ በየዙሩ ብዙ የተለያዩ ቅጂዎችን እየሠሩ፣ እየለኩ፣ የተሻለውን እያስቀሩ ሄዱ፤ በየዙሩም ሁኔታውን እያከበዱት፣ ሙቀቱን እየጨመሩ፣ ውሃውን በሌላ ፈሳሽ እየተኩ፣ በመጨረሻም ግማሹ ውሃ ሳይሆን ዲኤምኤስኦ የተባለ ኦርጋኒክ ፈሳሽ በሆነበት፣ በ40 ዲግሪ፣ በአንድ ሊትር 200 ግራም መነሻ ሞለኪውል በገባበት ድብልቅ ውስጥ የሚሠራ ኢንዛይም አገኙ። መነሻው ኢንዛይም እዚያ ውስጥ ምንም መሥራት አይችልም ነበር። የመጨረሻው 27 አሚኖ አሲዶቹ ተቀይረዋል።

ውጤቱ በ2010 ታተመ። የተሳሳተው ወገን ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ መራጭነቱ ከ99.95 በመቶ በላይ ሆነ። ምርቱ ከ10 እስከ 13 በመቶ ጨመረ፣ ቆሻሻው በ19 በመቶ ቀነሰ። ሮዲየም ቀረ፣ ባለከፍተኛ ግፊቱም ጋን ቀረ። ሥራው በዚያው ዓመት በአሜሪካ የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ፕሬዚዳንታዊ ሽልማት አገኘ።

ይሄ ዘዴ ከየት መጣ? ካልቴክ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ፍራንሲስ አርኖልድ በ1993 ሰብቲሊዚን የተባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ይዛ ተነሳች። ውሃ ውስጥ ጎበዝ ነው፤ ዲኤምኤፍ የተባለ ኦርጋኒክ ፈሳሽ ሲጨመርበት ግን ይሰንፋል። እሷም የትኛው አሚኖ አሲድ ቢቀየር ይሻላል ብላ በሐሳብ ከመጨነቅ፣ ጅኑን (ኢንዛይሙ የሚሠራበትን የዘር መመሪያ) ሆን ብላ በስህተት እያባዛች ብዙ የተለያዩ ቅጂዎች ሠራች፣ ባክቴሪያ ውስጥ ከተተቻቸው፣ የሚያመርቱትን ኢንዛይም ለካች፣ የተሻለውን መረጠች፣ እንደገና ጀመረች። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ከመነሻው 256 እጥፍ የተሻለ ኢንዛይም አገኘች። በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሹ የተሰጣት ለዚህ መስመር ሥራዋ ነው።

ለምን በሐሳብ ብቻ አይሆንም? ሒሳቡን እንሥራው። 300 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ብትወስዱ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ሌሎች 19 ምርጫዎች አሉ። አንድ ቦታ ብቻ የተቀየረባቸው ቅጂዎች 5,700 ናቸው። ይሄ የሚደረስበት ቁጥር ነው። ሁለት ቦታ ሲቀየር ግን 16 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ሦስት ቦታ ላይ ከደረሳችሁ በዓለም ላይ ያለ ላብራቶሪ ሁሉ ቢሰለፍ አይጨርሰውም። ስለዚህ ጥበቡ ሁሉንም መሞከር አይደለም፤ በየዙሩ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ቅጂ ወስዶ፣ በጥሩ ልኬት የተሻለውን መያዝ ነው።

የዘርፉ ሰዎች ደጋግመው የሚሉት ነገር አለ፦ የምታገኙት የለካችሁትን ነው። በቀላል ነገር ላይ ብትለኩ በቀላል ነገር ላይ ጎበዝ የሆነ ኢንዛይም ታገኛላችሁ፤ ፋብሪካው ውስጥ ሲገባ ምንም አይሠራም። ሲታግሊፕቲን የተሳካው ልኬቱ ቀስ በቀስ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ስለተጠጋ ነው ብዬ ነው የማስበው። ሃያ ሰባቱ ለውጦች የዚያ ልኬት ውጤት ናቸው።

"አሁን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አለ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ቀርቷል" የሚል ወዳጅ አላጣም። እውነት ነው፣ የ2024ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ለዚሁ ነው የተሰጠው፦ ዴቪድ ቤከር አዳዲስ ፕሮቲን በኮምፒውተር ስለመንደፉ፣ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ደግሞ የፕሮቲንን ቅርጽ ስለሚተነብየው አልፋፎልድ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን የሚነደፉት ኢንዛይሞች ብዙዎቹ ሲወለዱ ደካማ ናቸው፤ ጉልበት የሚያገኙት ላብራቶሪ ገብተው በልኬትና በምርጫ ሲያልፉ ነው። ኮምፒውተሩም የሚማረው ሰው ከለካው ቁጥር ነው። ሞዴሉን ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል፣ የራሳችሁን ቆዳ ወይም የራሳችሁን ፍሳሽ ልኬት ግን ማንም አይሰጣችሁም።

ኢንዛይም ሁሉን ይችላል ማለቴ ግን አይደለም። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ለመሥራት ውድ የሆነ ረዳት ሞለኪውል ይፈልጋሉ፤ ያንን ረዳት በግሉኮስና በሁለተኛ ኢንዛይም እያደሱ ካልተጠቀሙበት ሒሳቡ ኪሳራ ነው። ለአንድ ሞለኪውል በልኩ የተሠራ ኢንዛይም ለሌላው ላይሆን ይችላል፤ እንደገና ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። አንድ ርካሽ አሲድ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ በኢንዛይም ለመተካት መሞከርም ብዙ ጊዜ ትርፉ ድካም ነው። ኢንዛይም ቦታው መምረጥ የሚያስፈልግበት ነው።

እና እኛ ጋ መምረጥ የት ያስፈልጋል? መድኃኒት ላይ ለማለት ይቃጣኛል፤ ነገር ግን የአገራችን መድኃኒት ፋብሪካዎች ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስመጥተው ነው ክኒን የሚያደርጉት። ንጥረ ነገሩን ራሱን የሚሠራ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ሳይኖር ከዚያ መጀመር አይቻልም። ኮምቦልቻ ላይ ግን መራጭነት የሚጠይቅ ሥራ አለ፤ ቆዳ።

ቆዳ ላይ የኢንዛይም ታሪክ ረጅም ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ቆዳ ለማለስለስ የውሻና የእርግብ ኩስ ይጠቀሙ ነበር። ኦቶ ሮም የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት፣ በዚያ ኩስ ውስጥ የሚሠራው የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ነው ብሎ፣ ከእንስሳት ቆሽት በወሰደው ኢንዛይም ተካው። በ1907 የተመሠረተው ሮም ኤንድ ሃስ የተነሳው ከዚህ ሥራ ነው። ማለስለሱ እንዲህ ተፈታ። ጸጉር ማራገፉ ግን ዛሬም በብዙ ቦታ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው የሚሠራው። ሰልፋይዱ ፍሳሹን ያከብደዋል፤ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣዋል። ይሄ ጋዝ ሰው ይገድላል።

ሰልፋይዱን በኢንዛይም መተካት ወይም መቀነስ ይቻላል። ግን ኢንዛይሙ ምን ዓይነት መሆን አለበት? የጸጉሩን ሥር የያዙትን ፕሮቲኖች የሚፈታ፣ ኮላጅንን ግን የማይነካ። ኮላጅን ማለት ቆዳው ራሱ ነው። ኢንዛይሙ ትንሽ ከተሳሳተ ጸጉሩ ይወልቃል፣ ቆዳውም አብሮ ይበላል፤ ላዩ ይሻክራል፣ ዋጋው ይወርዳል። ስኳር መድኃኒቱ ላይ ግራን ከቀኝ የመለየት ጥያቄ የነበረው እዚህ አንዱን ፕሮቲን ከሌላው የመለየት ጥያቄ ሆነ እንጂ የሥራው ጠባይ ያው ነው።

መነሻ የሚሆን ኢንዛይምም አገራችን ውስጥ አለ። ጸጉር የሚራገፍበት ድብልቅ በኖራ ምክንያት ኃይለኛ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ ብዙ ኢንዛይም እዚያ ውስጥ ይሞታል። የስምጥ ሸለቆ ሶዳ ሐይቆች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ኑሯቸው አልካሊ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ አልካሊ ወዳድ ባክቴሪያዎችን ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ በ2003 የታተመ አንድ ሥራቸው ባክቴሪያዎቹ የዶሮ ላባ እየበሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም እንደሚያመርቱ አሳይቷል። ሐሳቤ እንዲህ ያለ ኢንዛይም ተወስዶ ኮላጅንን እንዲተው ይሠልጥን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም። ቦርከናና ወደ እሱ የሚገቡ ጅረቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የሚመጣ ክሮሚየም ለክተዋል። ክሮሚየሙ የሚመጣው ከማልፋቱ ሥራ ነው፣ ጸጉር ከማራገፉ አይደለም። ኢንዛይም ሰልፋይዱን ሊቀንስ ይችላል፣ ክሮሙን ግን አይነካውም። እሱ የራሱ መፍትሔ፣ የራሱ ማጣሪያ ይፈልጋል። በኢንዛይም ስም "ፍሳሹ ጸዳ" የሚል ፕሮጀክት ቢመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

ታዲያ ምን ይጀመር? የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ ላይ ነው፣ ፋብሪካዎቹ አጠገብ። ደሴ ያለው ዋናው ግቢ ደግሞ ሐረጎን ወጥቶ ነው። በ2021 መጨረሻ በጦርነቱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው መዘረፉንና መውደሙን ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚያ ላለ መምህር ውድ ማሽን አምጣ ብሎ መናገር ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ልኬት ግን ውድ ማሽን አይፈልግም። ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ያለው ባክቴሪያ ወተት በተደባለቀበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል) ላይ ሲያድግ ዙሪያው ጥርት ይላል፤ በዓይን ይታያል። ስታርች ለሚቆርጠው ደግሞ አዮዲን ጠብ ማድረግ ይበቃል፣ የተቆረጠበት ቦታ ሰማያዊ አይሆንም። በኮቪድ ጊዜ ስሙን የለመድነው ፒሲአር ማሽን ጅኑን በስህተት ለማባዛትም ያገለግላል። መብራት ቢጠፋና ፍሪጅ ቢቆም ኢንዛይሙ በደረቅ ዱቄት መልክ፣ ጅኑም ደርቆ ሊቀመጥ ይችላል።

ግን የለካችሁትን ነው የምታገኙት ብያለሁ። ወተት ላይ የተመረጠ ኢንዛይም ወተት ላይ ነው ጎበዝ የሚሆነው። ስለዚህ ወተቱ የማይረቡትን ለመጣል ብቻ ነው። ሁለተኛው ልኬት እውነተኛ ቆዳ ላይ መሆን አለበት፣ ከፋብሪካው በሚመጣ ቁራጭ፣ በኖራው ውስጥ፣ በፋብሪካው ውሃ። እዚያ ሁለት ነገር ይለካል። አንዱ ጸጉሩ በስንት ሰዓት ለቀቀ የሚለው ነው። ሌላው ፈሳሹ ውስጥ ሃይድሮክሲፕሮሊን ስንት ወጣ የሚለው። ይህ አሚኖ አሲድ በብዛት ያለው ኮላጅን ውስጥ ስለሆነ፣ ፈሳሹ ውስጥ ከበዛ ኢንዛይሙ ቆዳውን እየበላ ነው ማለት ነው። በቀለም ለውጥ የሚለካ የቆየ ዘዴ አለው። ጸጉር የሚያስለቅቅ፣ ሃይድሮክሲፕሮሊን ግን የማያስወጣ ቅጂ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን መታሰር አለበት። ኬንያ በ2004 ከሶዳ ሐይቆቿ ያለፈቃድ ተወስዷል ባለችው ባክቴሪያ የተነሳ ጂንስ ለማደብዘዝ የሚያገለግል ኢንዛይም ከሚሸጥ የውጭ ኩባንያ ጋር ተወዛግባለች። እኛም በጤፍ አይተነዋል፤ የሆላንዱ የጤፍ ፓተንት ሄግ ላይ በፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 ነው። የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘት የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ግን አዋጁ የሚሠራው ናሙናው ከመሄዱ በፊት ውል ሲኖር ነው። ባክቴሪያው ከየት ሐይቅ እንደመጣ፣ የተሻሻለው ቅጂ የማን እንደሆነ፣ ቆዳ ፋብሪካው ለሙከራ ቁራጭ ስለሰጠ ምን ድርሻ እንደሚኖረው መጀመሪያ ይጻፍ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ላሉ ወጣት መምህራን የምለው አንድ ነገር ነው። የቆዳ ፋብሪካው ደረጃ መዳቢ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አብሯችሁ ይቀመጥ። የላዩን መሻከር በእጁ ዳስሶ የሚያውቀው እሱ ነው፣ እሱ "ይሄ ሁለተኛ ደረጃ ነው" ያለውን ቁራጭ የትኛውም የሃይድሮክሲፕሮሊን ቁጥር አንደኛ አያደርገውም።